ከሕመም የዳነ ሰው ለታማሚ፤ ደመወዙን ማን ይክፈል?

የአእምሮ ሕመም ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የሐኪሞች ስምና የሆስፒታሎች ሕንጻ ነው። ታማሚው ራሱ የሚነሣው ሲታሰርና ሲፈታ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ሕመም የዳነ ሰው ሌላውን ታማሚ ማስታመሙና ማጽናናቱ ዛሬ የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም። በአሁኑ ጊዜ «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» የሚባለው ይህ አሠራር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከሦስት አገሮች ምሳሌ በማቅረብ፣ ሥራው በበጎ አድራጊ ኪስ ላይ ሲወድቅና ከሕዝብ ገንዘብ ሲከፈለው ያለውን ልዩነት ማሳየት፣ ከዚያም መንግሥት በጀት ሊመድብለት ይገባል የሚለውን ሐሳብ ለአንባቢያን ማቅረብ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የሚገኘው በፓሪስ አጠገብ በነበረው የቢሴትር ሆስፒታል ነው። ዣን ባፕቲስት ፑሳን የተባለ ቆዳ ፋቂ የአንገት እጢ በሚያሳብጥ በሽታ ተይዞ በ1771 ወደዚህ ሆስፒታል ገባ። ከዳነ በኋላም አልወጣም፤ እዚያው ተቀጥሮ ቆየና በ1780ዎቹ አጋማሽ የአእምሮ ታማሚዎች ክፍል ኃላፊ ሆነ። ፑሳን ከሚስቱ ከማርጌሪት ጋር ሆኖ ታማሚ መምታትን ከለከለ፤ አስታማሚዎቹንም በተቻለ መጠን ከዳኑትና በማገገም ላይ ካሉት ታማሚዎች መካከል ይመርጥ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መታሰርንና መደብደብን የቀመሰ ሰው ሌላውን ለመምታት እጁ አይፈጥንም። ቢሴትር የሕዝብ ሆስፒታል እንደ መሆኑ እነዚህ አስታማሚዎች ምጽዋት ጠባቂዎች ሳይሆኑ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነበሩ።

ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል በ1793 ወደ ቢሴትር በተሾመ ጊዜ ይህ አሠራር ተጀምሮ አገኘው፤ ከፑሳን ብዙ መማሩንም በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ አልሸሸገም። በቢሴትር የብረቱን ሰንሰለት ያስወለቀው ፑሳን ነው፤ ይኸውም በ1797፣ ፒኔል ወደ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ከተዛወረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሆኖም ሠዓሊው ቶኒ ሮቤር ፍሌሪ በ1876 የሣለው የታወቀ ሥዕል ፒኔልን በሳልፔትሪየር ሴቶችን ከሰንሰለት ሲያስፈታ ስለሚያሳይ፣ በሕዝብ ዘንድ ዝናው ለሐኪሙ ሲቀር የቆዳ ፋቂው ስም ተረሳ።

ሁለተኛው ምሳሌ የእንግሊዝ ነው። ጆን ፐርሲቫል በ1812 የተገደለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የስፔንሰር ፐርሲቫል ልጅ ነበረ። ከ1831 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በግል የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ቤቶች ተዘግቶበት ኖረ፤ የደረሰበትንም በ1838ና በ1840 ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት ገለጸ። በ1845 እርሱና እንደ እርሱ ተዘግቶባቸው የነበሩ ሰዎች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ሆነው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ያለ አግባብ ተይዘናል የሚሉትን ሰዎች ጉዳይ ይመረምር፣ ከወጡም በኋላ ይረዳቸው ነበር። ፐርሲቫል በ1859 በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃሉን እስከ መስጠት ደረሰ። ነገር ግን የማኅበሩ ጉልበት የጥቂት ሰዎች ትጋትና መዋጮ ብቻ ስለ ነበረ፣ በ1860ዎቹ ውስጥ ተበተነ። ዓላማው ሳይከሽፍ፣ የሚረከበው ሳይኖር ቀረ።

ሦስተኛው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ የአእምሮ ሆስፒታሎች ታማሚዎቻቸውን ወደየመንደሩ ከመለሱ በኋላ፣ የተመለሰውን ሰው የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ አልታሰበም ነበር። በ1960ዎቹ ራሷ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው ጁዲ ቻምበርሊን በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ታማሚዎች ራሳቸው የሚመሩት መረዳጃ እንዲኖር ተከራከረች። በ1999 የጆርጂያ ግዛት ለድኾች ሕክምና ከሚከፍለው ሜዲኬይድ ከተባለው የመንግሥት ገንዘብ ለአቻ ለአቻ ድጋፍ በመክፈል ቀዳሚ ሆነች። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች ሁሉ በጻፈው ደብዳቤ አገልግሎቱን በማስረጃ የተደገፈ ብሎ ሲቀበል ሦስት ግዴታዎች አኖረ፤ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት መያዝ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራት፣ ሥራውን ከታማሚው የሕክምና ዕቅድ ጋር ማያያዝ።

ጥቅሙስ ተመዝኗል ወይ? በእንግሊዝ በ441 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት፣ የዳነ ሰው የደገፋቸው ታማሚዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አስቸኳይ የአእምሮ ሕክምና የተመለሱት 29 በመቶ ሲሆኑ፣ የመልመጃ መጽሐፉን ብቻ በፖስታ ከተቀበሉት ግን 38 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2013 የታተመ የ11 ጥናቶች ግምገማ በበኩሉ የእነዚህ ረዳቶች ውጤት በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች ውጤት እንደማይበልጥ፣ እንደማያንስም ደምድሟል። ስለዚህ ድጋፉ መድኃኒትን ይተካል ብሎ ማጋነን አይገባም፤ ዋጋ የለውም ማለትም ስሕተት ነው።

የመንግሥት ገንዘብ የተቀበለ ሰው የመንግሥት አፍ ይሆናል የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፑሳን ደመወዝተኛ ሆኖ ሳለ ሰንሰለቱን አስወልቋል፤ ነጻው የፐርሲቫል ማኅበር ግን ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ኖረ።

በእኛም አገር መንግሥት ሐኪም ወይም ነርስ ላልሆነ ሰው ደመወዝ አይከፍልም እንዳይባል፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ምስክር ነው። ከየቀበሌያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ ከ30,000 በላይ ሴቶች በመንግሥት ደመወዝ ተቀጥረዋል። ያ በር ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ከተከፈተ፣ ከአእምሮ ሕመም ድኖ ጎረቤቱን ለመርዳት ለሚፈልግ ሰው የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ ሸክሙን ብቻውን የያዘው የታማሚው ቤተ ሰብ ነው፤ ይህንም ሸክም የሚያካፍለው የመንግሥት በጀት ነው።