ባሕሩን ማን ዘጋው? አገሩንስ?

ሥላሴ ግቢ የገባችሁ ሁሉ የአርበኞቹን መቃብር ታውቁታላችሁ። ጣሊያን ሲወረን በአገሯ በእንግሊዝ ሆና ስለ እኛ የጮኸችው ሲልቪያ ፓንክረስትም ያረፈችው እዚያው ነው። ስለዚያ ጦርነት ባስተማርኩ ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል፤ "ጣሊያንን ያስወጣው እንግሊዝ ነው ወይስ አርበኛው?" ዛሬ መልሱን ከባሕሩ ልጀምርላችሁ።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደር፣ መኪናና ነዳጅ ምጽዋ የሚደርሰው በስዊዝ ቦይ አልፎ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ዋናውን ነገር፣ ነዳጅን ግን አልነካም። ቦዩም አልተዘጋም። የጣሊያን መርከብ ቀረጡን እየከፈለ በሰላም አለፈ። ከዚያ በፊት ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ "ለሁለታችሁም መሣሪያ አንሸጥም" ብለው ነበር። ጣሊያን እኮ መሣሪያውን ራሱ ይሠራል! ከውጭ የምንገዛው፣ ያውም በጅቡቲ ባቡር የምናስገባው እኛ ነን። ስለዚህ የታነቅነው እኛ ሆንን።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ያ ክፍት የነበረ ቦይ በአንድ ጊዜ ተዘጋበት። ምጽዋ የነበሩ መርከቦች እዚያው ቀሩ። ቤንዚን፣ ጎማ፣ መለዋወጫ መምጣቱ ቆመ። ተዋጊ አውሮፕላኖችን እየፈቱ በትልልቅ አውሮፕላን ከሊቢያ ማምጣት ሞክረዋል። የአንድን ሠራዊት ነዳጅና ጎማ ግን በአየር አመላልሶ አይዘለቅም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ጀርመንን በባሕር ከብባ አስርባለች፤ ግን ዓመታት ፈጅቶባታል። ባሕር የተዘጋበት አገር የራሱን እርሻና የራሱን መንገድ ይዞ ብዙ ሊቆይ ይችላል። ጣሊያን እዚህ ያ አልነበረውም። ኢትዮጵያን የስንዴ ጎተራው ሊያደርጋት አስቦ ነበር፤ ጭራሽ ለራሱ ሰዎች የሚሆን እህል ከውጭ ያስገባ ነበር። ጎጃምና ሸዋ ውስጥ ከምሽጉና ከዋናው መንገድ ወጣ ሲል ገጠሩ በአርበኛው እጅ ነው። አንድ ምሽግ ለመቀለብ መኪና በአጀብ ይወጣል፤ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጎማ ይበላል። አርበኛው አድፍጦ አንዱን መኪና ሲያቃጥል ደግሞ ምትክ የለም። በፊት ቢሆን በሚቀጥለው መርከብ ይመጣ ነበር።

እርግጥ ጦርም ዘምቷል፤ ከረን ላይ የፈሰሰው ደም ቀላል አይደለም። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። በሁለተኛው ቀን ምጽዋ ተያዘች፤ ጣሊያኖቹ ከመሸነፋቸው በፊት ብዙዎቹን መርከቦች ራሳቸው ወደቡ ላይ አሰመጧቸው። ቦዩ ከተዘጋ ገና አሥር ወር ነው!

ስለዚህ የኔ መልስ ይሄ ነው፦ ባሕሩን እንግሊዝ ዘጋው፤ አገሩን ግን አርበኛው ቀድሞ ዘግቶት ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ያህል ፈጥኖ ባልሠራ ነበር። በ1928 ቦዩ ቢዘጋ ኖሮ ደግሞ ሥላሴ ግቢ ያለው የመቃብር ብዛት ያንስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አያቶቻችሁ ስለዚያ ዘመን የነገሯችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ ለልጆቹ ክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።