ግላመረስ፦ የሰዋስው የልጅ ልጅ

ቁንጅናን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ሞልተዋል፤ የ«ግላመረስ»ን ያህል ጉደኛ የዘር ሐረግ ያለው ግን ጥቂት ነው። አያቱ «ግራመር» ነው፤ አዎ፣ ያ ተማሪ የሚያማርረው ሰዋስው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰዋስው ማለት የላቲን ትምህርት፣ ሰፋ ሲልም የመጽሐፍ እውቀት ሁሉ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ደግሞ መጽሐፍ የሚያገላብጠውን ሰው በአስማት ይጠረጥረዋል። (ደብተራን ሲፈራ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም።) ፈረንሳዮች ከዚያው ሥር የአስማት መጽሐፍን «ግሪምዋር» አሉት። ስኮትላንዶች «ር»ን በ«ል» ለውጠው «ግላመር» አሉ፤ ትርጉሙም ዓይን የሚያታልል ድግምት ነበር። ቃሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነው። ወደ ውበት የዞረው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ የሆሊውድ ተዋንያን መለያ እስከመሆን ደረሰ።

ድግምቱ ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ፊቷን ታጥባ ብቻ የወጣች ቆንጆ «ቢውቲፉል» እንጂ «ግላመረስ» አትባልም፤ ለዚህኛው ኩሉ፣ የሐር ቀሚሱ፣ መብራቱ ያስፈልጋል። ቃሉ ለሥራም ይነገራል፣ ብዙ ጊዜም በአሉታ፦ ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ የምታገላብጥ ነርስ ሥራዋ «ግላመረስ አይደለም» ትላለች። ሲጻፍ ደግሞ «ግላመር» በሚለው ስም ላይ ያለችው «ዩ» ከቅጽሉ መሐል ትወድቃለች፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።