ጉዳት አልባ ፍተሻ፦ ከአርማታ ወለል ሥር የተደበቀ ባዶ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ጉዳት አልባ ፍተሻ ማለት አንድን ግንባታ ሳይሰብሩና ሳይቆርጡ የውስጡን ሁኔታ መመርመር ነው። መሐንዲሶች በአጭሩ «ኤንዲቲ» ይሉታል። በአርማታ ወለል ላይ ከሚውልባቸው ሥራዎች አንዱ ከሥሩ አፈሩ ሸሽቶ ባዶ የቀረውን ቦታ መለየት ነው።

ባዶ ቦታውን ብዙ ጊዜ የሚፈጥረው ውሃ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ደቃቁን አፈር እያጠበ ይወስዳል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈርም በበጋ ደርቆ ሲኮማተር ከወለሉ ሊለይ ይችላል። አርማታው ክፍተቱን ተሻግሮ ለጊዜው ስለሚሸከም ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል። አሳሳቢው ይኸው ነው፤ ከባድ መኪና ሲያርፍበት በድንገት ሊሰበር ይችላል።

ጥንታዊው ዘዴ ወለሉን በመዶሻ እየመቱ ማዳመጥ ነው። ሥሩ ባዶ የሆነ ስስ ወለል እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ወፍራም ወለል ላይ ግን ጆሮ ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሜሪ ሳንሳሎን እና ኒኮላስ ካሪኖ ያዳበሩት የምት ማሚቶ ዘዴ ይህንኑ ድምፅ በመሣሪያ ይለካል። በትንሽ የብረት ኳስ ምት የተነሣው ሞገድ ከወለሉ ግርጌ ደርሶ ይመለሳል። ሥሩ አፈር ከሆነ ጉልበቱ ከፊሉ ወደ አፈሩ ያልፋል፤ አየር ከሆነ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለሚመለስ ማሚቶው ጎልቶ ይቆያል። ሞገዱ በሰከንድ 4,000 ሜትር ቢጓዝ፣ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ወለል በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ሰፊ ቦታ በፍጥነት የሚያካልለው የከርሰ ምድር ራዳር ነው። የሬዲዮ ሞገዱ ከአርማታ ወደ አየር ወይም ወደ ውሃ ሲሻገር ከፊሉ ይንጸባረቃል፤ የተንጸባረቀው ሞገድ ቅርጽ በአየርና በውሃ ተቃራኒ ስለሚሆን፣ የሠለጠነ ዓይን ባዶው ደረቅ ይሁን ውሃ የሞላው መገመት ይችላል። ሆኖም ጥቅጥቅ ያለ የፌሮ መረብ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ክፍተትም ሊያመልጥ ይችላል።

ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ውጤት ብቻ መወሰን አይገባም። ሁለት ዘዴዎች የተስማሙበት ቦታ ላይ ቀጭን ቀዳዳ በድሪል ተበስቶ በካሜራ ይረጋገጣል፤ ይህች አንዲት ቀዳዳ ወለሉን በሙሉ ከማፍረስ ታድናለች። ባዶው ሲረጋገጥ በዚያው ቀዳዳ የሲሚንቶ ውህድ ይገፋበትና ቦታው እንደገና ይፈተሻል። ውሃ የሚያፈሰው ቧንቧ ግን ከሙሌቱ በፊት መጠገን አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው ከተሞላው ቦታ አጠገብ ያለውን አፈር ማጠቡን ይቀጥላል።