በኦራሚን የተቀባ የአክታ ስላይድ
መስታወት፣ ኦራሚን ኦ

በከተማችንም ሆነ በአገራችን ላቦራቶሪዎች የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት አክታ እንዲህ ባለ ስላይድ ላይ ይቀባል። ኦራሚን በተባለው ቀለም የተነከረው ባክቴሪያ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይደምቃል። አነስተኛ ማጉያ ስለሚበቃው ባለሙያው ሰፊ ቦታ በአጭር ጊዜ ያያል፤ በቀን ብዙ ስላይድ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚህ ምርመራ በኤልኢዲ መብራት የሚሠራ ማይክሮስኮፕ እንዲያገለግል መክሯል።

ኦራሚን ውሃ ውስጥ ብቻውን ሲሆን እምብዛም አያበራም፤ ሞለኪውሉ እየተወዛወዘ የተቀበለውን ኃይል ያባክናል። ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ሲያገኝ ግን ይደምቃል።

ኬሚስቶች ይህንኑ ባሕርይ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ ቀለምን በሌላ ሞለኪውል ጎድጓዳ ሆድ ውስጥ በእንግድነት ያስገባሉ። ኩከርቢቱሪል የተባለው አስተናጋጅ ቅርጹ ውስጡ እንደተፈለፈለ ዱባ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሞሃንቲና ናው የተባሉ ኬሚስቶች ሮዳሚን 6ጂ የተባለውን ሌላ ቀለም በውስጡ አስገብተው ቀለሙ በብርሃን ቶሎ እንዳይደበዝዝ አድርገዋል። ለዕለት የማይክሮስኮፕ ምርመራ ግን ዛሬም ተራው ኦራሚን ያገለግላል።

ብርሃን ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው እባክዎ በፍላሽ ፎቶ አያንሱ።