ከፊልና ኢቃማ፦ የዓረብ አገር ሕግ በተለዋወጠ ቁጥር

በእኛ በኮልፌ «ከፊል»፣ «ኢቃማ»፣ «ተርሂል» የሚሉትን ቃላት ዓረብኛ ያልቀራውም ሁሉ ያውቃቸዋል። ቃላቱን እናውቃቸው እንጂ ከኋላቸው ያለው ሕግ ስንት ጊዜ እንደተገለባበጠ ብዙዎቻችን አልተከታተልንም። ዛሬ ይህንን ታሪክ እናነሳለን። ስደት ሲነሳ የሰሓቦችንና የነጃሺን ታሪክ መተረክ ለምደናል፤ እሱን ደጋግማችሁ ሰምታችኋልና ለዛሬ እናልፈዋለን።

በመጀመሪያ አንድ የተረሳ ነገር እናስታውስ። አባቶቻችን ስኳርና ጋዝ የሚገዙት ከየመኖች ሱቅ ነበር። ያኔ ስደተኛው ዓረቡ ነበር፤ ባለ አገሩ እኛ ነበርን። በ1967 ዓ.ም ደርግ ንብረት መውረስ ሲጀምር ብዙዎቹ ዘግተው ወጡ። «ዓረብ ቤት» የሚለው ስም ግን በየሰፈሩ ሱቅ ላይ ቀርቷል።

የመኖች በሳዑዲ ዓረቢያም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። በዚያ አገር የውጭ ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለትም ኢቃማው፣ በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ ነው፤ ይህ አሠሪ ከፊል ይባላል። የመኖች ለረጅም ዓመታት ከዚህ ግዴታ ነፃ ነበሩ፤ ያለ ከፊል ይሠሩ፣ ይነግዱ ነበር። የመን በኩዌት ወረራ ጊዜ የያዘችው አቋም ሳዑዲን ስላስቆጣ በመስከረም 1983 ዓ.ም ይህ መብት ተነሳ። ከፊል እንዲፈልጉ የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሰው ወደ የመን ተመለሰ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ጭምር!

እኛ ብዙዎቻችን የገባነው በሐጅና በዑምራ በር ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ማግኘት ፈተና ነበር። ከ1983 ዓ.ም በኋላ በሩ ተከፈተ፤ የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣት ነፃነትን ደነገገ። በ1990 ዓ.ም ደግሞ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች አዋጅ ቁጥር 104 ወጣ። ይሁንና በኤጀንሲ ከመሄድ ይልቅ በዑምራ ቪዛ ገብቶ በዚያው መቅረት ለብዙ እህቶቻችን የቀለለ መንገድ ነበር። በግልጽ እንናገር፦ ለዒባዳ ነው ብሎ ቪዛ ወስዶ ለሌላ ማዋል የገቡትን ቃል ማፍረስ ነው። በዱንያውም ቢሆን እንዲህ የቀረችን ልጅ የሚቀጥራት ሰው ውል አይፈርምላትም፤ ደመወዟን ቢከለክላትም የምትከስበት ወረቀት የላትም።

ትልቁ ጎርፍ የመጣው በሰኔ 2003 ዓ.ም ነው። ሳዑዲ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ መንግሥታት ጋር በቤት ሠራተኞች አያያዝና ደመወዝ ተጣልታ ከሁለቱ አገሮች ሠራተኛ መውሰድ አቆመች። የሳዑዲ ቤተሰቦች ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ። በ2004 ዓ.ም በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመዝግበው የወጡት ብቻ ከ1 መቶ 50 ሺህ በላይ ነበሩ። ጃካርታና ማኒላ ላይ የተነሳ ጠብ ነው የኮልፌን ልጅ አውሮፕላን ላይ ያሳፈራት።

በዚያው በ2003 ዓ.ም «ኒጣቃት» የሚባል ደንብ መጣ። እያንዳንዱ ድርጅት በቀጠራቸው ሳዑዲያውያን ብዛት ፕላቲነም፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ተብሎ ተመደበ። ቀይ የሆነ ድርጅት የሠራተኞቹን ኢቃማ ማሳደስ አይችልም። ትንሹ ዳቦ ቤትና ትንሹ ኮንትራክተር ጭንቅ ውስጥ ገቡ። በ2005 ዓ.ም ደግሞ የሥራ ሕጉ አንቀጽ 39 ጠበቀ። «ፍሪ ቪዛ» የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ከፊሉ ስሙን ብቻ ሰጥቶ በየወሩ ገንዘብ ይቀበላል፤ ሠራተኛው ሌላ ቦታ ይሠራል። ያ ሁሉ ወንጀል ሆነ፤ በሠራተኛው ብቻ ሳይሆን በአሠሪውም ላይ እስራትና ቅጣት መጣ።

የምሕረት ጊዜ ተሰጠ፤ እስከ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወረቀታቸውን አስተካከሉ። በባሕር አቋርጠው በየመን በኩል የገቡት ግን ምሕረቱ ከመውጣት በቀር ሌላ አልፈቀደላቸውም። በማግሥቱ አፈሳው ተጀመረ። ሪያድ መንፉሃ ሰፈር ላይ የሆነውን ሁላችንም በስልክ አይተናል፤ ደም ፈሷል፤ ዝርዝሩን መድገም አንፈልግም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1 መቶ 60 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በቦሌ ገቡ፤ ብዙዎቹ አንድ ፌስታል ይዘው።

የእኛም መንግሥት በዚያው ጥቅምት ለሥራ መሄድን አገደ። እገዳው ኤጀንሲውን ዘጋ እንጂ ደላላውን አልዘጋም። በ2008 ዓ.ም አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ በባሕር የመን የደረሰው ሰው ከ1 መቶ ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ኢትዮጵያዊ።

አሠሪውም የራሱ አቤቱታ አለው፤ ፍትሕ የሁለቱንም ወገን መስማት ነውና እንስማው። በሕጋዊ መንገድ ሠራተኛ ለማስመጣት ብዙ ሺህ ሪያል ይከፍላል። ልጅቱ በሦስተኛው ወር ከጠፋችበት ገንዘቡ ቀረ። ስለዚህ ፓስፖርቷን ይይዛል፤ ከወጣች ደግሞ «ሁሩብ» ብሎ ያስመዘግባታል፤ በዚህም ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ችግሩን እንረዳለን፤ ግን ፓስፖርት መያዝ በእነሱም አገር የተከለከለ ነው። ደመወዝ ተነፍጓት የሸሸችን ልጅ ጠፋች ብሎ ማስመዝገብማ ዙልም ላይ ዙልም መጨመር ነው።

በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱንና ኢንሹራንሱን በአሠሪው ላይ ጣለ፤ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደሌለበት አገር መላክንም ከለከለ። እገዳው የተነሳው በጥር 2010 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከመጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም ጀምሮ፣ ሳዑዲ ሌላ የምሕረት አዋጅ አውጥታ ስለነበር ተመላሾች እንደገና በመቶ ሺህ ተቆጠሩ። በዚያው ዓመት ክረምት በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በ2012 ዓ.ም 400 ደረሰ። ኢቃማ ያላቸው አባቶችም ሚስትና ልጆቻቸውን ወደ አገር ላኩ።

ከመጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሳዑዲ ኮንትራቱን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ ከፊሉ ፈቃድ አሠሪ እንዲቀይር ፈቀደች። የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሹፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች ግን በዚያ ማሻሻያ አልተካተቱም። ከሰፈራችን የሚሄዱት ልጆች አብዛኞቹ ለቤት ሥራ ነው የሚሄዱት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከመፈረሟ በፊት ኮንትራቱ ላይ የሙያዋ ስም ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ ከፊሉስ ማን እንደሆነ ዓረብኛ በሚያነብ ሰው አስነብቡ፤ አንባቢ ካጣችሁ ከመግሪብ በኋላ መስጊድ አምጡት፣ እናነብላችኋለን።