አቀንጭራን በእንቅልፉ ያስቀረው ምርምር

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ የተንጣለለው ጥቁር አፈር የሱዳን የማሽላ ጎተራ ነው። የሰብሉ ጠላቶች ድርቅና አቀንጭራ ናቸው። ኢትዮጵያዊው የሰብል ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ሁለቱንም ተፋልመዋል።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1983 ሱዳን ውስጥ፣ ድርቅን የሚቋቋመው «ሀጂን ዱራ 1» የተሰኘ ድቅል ማሽላ በምርምራቸው ለገበሬው ደረሰ። ስያሜው በዓረብኛ «ድቅል ማሽላ» ማለት ነው።

አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃና ምግብ ይመጣል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጩ ዝርያዎችን መርጠው አዳቀሉ። ከእነዚህ «ጎብዬ» እና «አብሽር» ኢትዮጵያ ውስጥ ተለቅቀዋል።

ድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል፤ የእነዚህን ግን ገበሬው ከምርቱ ላይ አስቀርቶ መልሶ ይዘራል። ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።