የይፋት ቆላ ግዳይ

ዛሬ በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን የሚያልፍ መንገደኛ የሚያየው ማሽላ፥ ማሾና ሽንኩርት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ ወደ አዋሽ የሚወርደው ቆላ የአዳኞች አገር ነበር። አደኑም የማዕርግ መንገድ እንጂ እንደ ፈረንጆች ማኅበር የዕረፍት ቀን ጨዋታ አልነበረም። ዝሆን የገደለ ሰው በጌታው ፊት ግዳዩን እየቈጠረ ይፎክራል፤ ይሸለማልም፤ ከጥርሱም የገዢው ድርሻ ይወጣል። የዝሆን ጥርስ ከይፋት ገበያ በታጁራ በኩል ወደ ባሕር የሚወርድ ሸቀጥ ስለ ነበረ፥ ጀግንነቱ ከንግዱና ከግብሩ ተለይቶ አይታይም። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አንኮበር የመጣው ካፒቴን ሀሪስ፥ እርሱም በደቡብ አፍሪቃ የታወቀ አዳኝ ነበርና፥ ስለዚሁ ክብር በሰፊው ጽፏል።

ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1944 እ.ኤ.አ.፥ የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። አባት የተሸለመበት ሥራ ልጁን የሚያስከስስ ሆነ። እኛ አዋጁን እንደግፋለን፤ ነገር ግን ጠመንጃን ገታ እንጂ ሞፈርን አልገታም፤ ዱሩ እየተመነጠረ እርሻ ሲሆን አውሬው መጠጊያ አጣ። ዛሬ በይፋት ዝሆን የለም። በሠርግ ቤት ግን ዝሆን አይቶ የማያውቅ ጎልማሳ «ገዳይ!» እያለ ይፎክራል።